ለየኔታ የጠመቅሁት ቢራ

ይህን ታሪክ ወረታ ውስጥ ያልሰማ ሰው ካለ አዲስ የመጣ እንግዳ ነው። ሌላው ሁሉ ሰምቶታል፤ አብዛኛውም እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ሳይቀር የራሱን እየጨመረ አውርቶታል። እንግዲህ ሌላ ሰው ከሚያበላሸው ራሴ ላበላሸው ብዬ ነው የተነሣሁት።

ያኔ ወረታ አንድ ወፍጮ ቤት የሩዝ መፈልፈያ ማሽን አንቀሳቅስ ነበር፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ፎገራ ላይ ሩዝ የማይዘራ ገበሬ ስለሌለ ሥራ አላጣም። ቀኑን ሙሉ የሩዝ ገለባ ስቅም ስለምውል፣ አመሻሽ ላይ ጉሮሮዬን ላጥበው እያልኩ ግሮሰሪ እሄዳለሁ። አንዲት የምወዳት ቢራ ነበረችኝ። ስሟን አልጠራም፤ የሠራት ፋብሪካ ምን በደለ። ከሷ በቀር ሌላ በአፌ አይዞርም። ጠላ ሲቀርብልኝ "ይቅርብኝ፣ ጨጓራ አለብኝ" እላለሁ። ጨጓራ የለብኝም። ባሕር ዳር ጥቂት ዓመት ሠርቼ ስለተመለስኩ ብቻ ነው ጠላ የናቅኩት። ባሕር ዳር ከኛ ስንት መንገድ ናት? ጠዋት ሄዶ ለምሳ የሚመለስ ሰው አለ። እኔ ግን ባሕር ተሻግሬ የመጣሁ ነበር የምመስለው።

ያሳደገችኝ አክስቴ እታለማሁ ናት። የሷ ጠላ በሰፈሩ የተመሰገነ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ጎረቤት እየጠራች ስትቀዳ፣ ያሳደገችው ልጇ እኔ "ጨጓራዬን" እያልኩ እጄን ብርጭቆው አፍ ላይ እከድናለሁ። አንድም ቀን ተቆጥታኝ አታውቅም። "ይሻልህ ይሆናል" ብቻ ትለኛለች።

በዚያው ዓመት ስመኝን ወደድኩ። ስመኝ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የማሽኑ ቀበቶ ጣቴን ይዞኝ ስሄድ ያሰረችልኝ እሷ ናት፤ ጣቴ ከዳነ በኋላም ላሳያት መመላለሱን አላቆምኩም። አንድ ቀን ጣቴን ገልበጥ አድርጋ አየችና "ድኗል። ሌላ ሕመም ካለብህ ለአባቴ ሽማግሌ ላክ" አለችኝ። እንዲህ ናት፤ ነገር አታዞርም።

አባቷ የኔታ ጥበቡ ናቸው። ከወረታ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ዜማ ያስተምራሉ፤ ደብሩ ሁሉ ቆሞ ነው የሚያሳልፋቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ያለቻቸው ስመኝ ብቻ ናት። ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ አጎቴ ጋሼ ፈንቴ ናቸው። ጋሼ ፈንቴ አፋቸው ማር ነው፤ ችግሩ ማሩ ውስጥ ውሸትም ጣል ያደርጋሉ።

የኔታ ጠየቋቸው። "ልጁ ጠላ አይቀምስም፣ ከግሮሰሪ አይጠፋም ሲሉ ሰማሁ። ይህ ቤት የሚይዝ ሰው ነው?"

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት ሌላ ቀን ሲዘጋ የቢራ መኪና ወረታ መምጣት አቁሞ ነበር። ግሮሰሪ ውስጥ ባዶ ጠርሙስ ከበን ስንተክዝ እኔ ጠረጴዛውን መታ አድርጌ "ቢራ ማለት ብቅልና ውሃ ነው፤ ከፈለግኩ እኔ ራሴ እሠራታለሁ" ብዬ ነበር። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ወሬው ጋሼ ፈንቴ ዘንድ ደርሷል። የኔታ ሲጠይቋቸው ታዲያ ሳይጨነቁ መለሱ።

"የኔታ፣ ልጁ ግሮሰሪ የሚቀመጠው ሊጠጣ አይደለም። ሙያ ሊያጠና ነው። ቢራ ይሠራል።"

የኔታ ያቺኑ ቢራ በበዓል ቀን አንዲት ይቀምሱ እንደነበር፣ ከጠፋች ወዲህም እንደናፈቋት ስመኝ ቀደም ብላ አጫውታኝ ነበር። "እንግዲያው" አሉ፣ "ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ይዞልን ይምጣ። እቀምሳለሁ። ቁርጡንም ያን ዕለት እነግራችኋለሁ።"

ጋሼ ፈንቴ ይህን ሲነግሩኝ ደስ ብሏቸው ነበር። እኔ ግን እስከ እሑድ ያለውን ቀን በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።

ቢራ ስለ መሥራት የማውቀው ቢራ ስለ መጠጣት የማውቀውን ያህል ብቻ ነው። በስልኬ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። ሰውየው የሚያወራው ግማሹ ስለማይገባኝ እጁን እያየሁ ነው የተማርኩት። ብቅሉን ከአክስቴ ወሰድኩ። የኔዋ ቢራ ቀለሟ ስስ ስለሆነ ሩዝ ሳይኖርባት አይቀርም ብዬ ገመትኩ፤ ሩዝ ደግሞ ዕድሜ ለፎገራ፣ ድቃቂው ከማሽኑ ሥር ይታፈሳል። ሰውየው የሚጨምረውን መራራ አበባ ባጣ ጌሾ ተካሁበት። እርሾውን ከዳቦ ቤት ለመንኩ።

አክስቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ። "ብቅል፣ ጌሾ፣ ውሃ። ይሄ ጠላ ነው።"

"ጠላ አይደለም፣ ቢራ ነው።"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"ሳይንስ አለው።"

"እሺ፣ ሳይንስህን አፍላው። ማገዶዬን ግን አትጨርሰው።"

አፈላሁት፣ አጠለልኩት፣ አቀዘቀዝኩት፣ እርሾውን በትኜ ጀሪካን ውስጥ ከተትኩት። ቪዲዮው አረፋው ጨርሶ እስኪረግፍ ታገሥ ይላል፤ ቀጠሮው ግን አይታገሥም። እኔም ገና አረፋው ሲፍለቀለቅ ወደ ጠርሙስ ለመገልበጥ ተነሣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ጠርሙሱን ከግሮሰሪው አገኘሁ፤ የዚያችው የምወዳት ቢራ ነው፣ ወረቀቱ እንኳ አልተላጠም። ማጠቡን ለአክስቴ ተውኩላት። ቆርኪውን ከየደጃፉ ለቅሜ፣ የጎበጠውን አቃንቼ፣ በቧንቧ ቁራጭ እየመታሁ መልሼ ገጠምኩት። ሁለት ካሳ ሞላ። ደርድሬ ራቅ ብዬ ሳየው ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስለው፤ ራሴን በጣም አደነቅኩ።

ስኳሩ ጋ ነው ነገር የተበላሸው። ሰውየው ከመክደኑ በፊት ጋዝ እንዲፈጥርለት በየጠርሙሱ ቆንጠር አድርጎ ስኳር ይጨምራል። ይህን ሳይ ተናደድኩ። ለአማት የሚሄድ መጠጥ ላይ እንዲህ ያለ ንፍገት ምንድን ነው? በኛ አገር ለእንግዳ ስኳር የሚጨመረው "በቃኝ" እስኪል ነው። ጠርሙስ ደግሞ በቃኝ አይልም። ማንኪያውን ሞላ ሞላ እያደረግኩ ጨመርኩ። ለየኔታ ናት ብዬ አንዳንዱን ደገምኩለት።

እሑድ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንዱ ጠርሙስ ቤት ውስጥ ፈነዳ። አክስቴ ተኩስ መስሏት አልጋ ሥር ገባች። ዛሬ ዛሬ በኛ አገር ጧ የሚል ነገር ሲሰማ ማንም ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ መሬት ይተኛል፣ ከዚያ ይጠይቃል። "ጠርሙሱ ስንጥቅ ነበረበት" ብዬ አወጣኋት። ራሴንም በዚያው አጽናናሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔ፣ ጋሼ ፈንቴና አክስቴ በባጃጅ ሄድን። ሩዙ ታጭዶ ሜዳው ተሰነጣጥቋል፤ ባጃጁ ከስንጥቅ ስንጥቅ ሲዘል ሁለቱ ካሳ እግሬ ላይ ይንገጫገጫል። ፀሐይዋም አናት ትበሳለች። ጋሼ ፈንቴ ጠርሙሶቹ ሲንሿሹ ሰምተው "ይዘምራሉ፤ የየኔታ ቤት መሆኑን አውቀው ነው" አሉ።

ስመኝ በር ላይ ተቀበለችን። ካሳውን ነካ አደረገችና "ይሄ ግሏል እኮ" አለችኝ።

"ቢራ ሲደርስ ይሞቃል" አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት እስካሁን አላውቅም።

አንስታ ጓዳ አስገባችው። ከግድግዳው ወዲያ ምድጃው ነው፤ የዶሮ ወጡ ከጠዋት ጀምሮ ይንተከተካል።

የኔታ መደቡ ላይ ጥምጥማቸውን አሳምረው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እኛን ለመቀበል ሲነሡ ስመኝ ደግፋቸዋለች። የደብሩ ሁለት ሽማግሌዎችም ነበሩ። ጋሼ ፈንቴ ስለ እኔ ብዙ ተናገሩ፤ እኔ ራሴ ይህን ልጅ ባገኘሁት እስክል ድረስ። የኔታ ፈገግ እያሉ ሰሙና "በሉ፣ ከመቅመሳችን በፊት ጸሎት እናድርስ" አሉ። ሁላችንም ተነሣን።

አቡነ ዘበሰማያት ብለን ገና ሳንጨርስ ነው ጧ ያለው። ተከትሎም ጧ፣ ጧ።

ቤቱ ውስጥ የቆመ አልቀረም። የደብሩ ሽማግሌዎች ወለሉ ላይ ተዘረጉ። አክስቴ መደብ ሥር ገባች። ጋሼ ፈንቴ፣ ያ ሁሉ አንደበት፣ ከአክስቴ ኋላ ተሸጉጠዋል። ስመኝ አባቷን አቅፋ ቀስ አድርጋ አስተኛቻቸው፤ ጉልበታቸው ሲታጠፍ ሲያቃስቱ ሰማሁ።

እኔ አልተኛሁም፤ ገብቶኛል። ድምፁን ከዚያ በፊት ቤቴ ሰምቼዋለሁ። በአንድ ዝላይ ጓዳ ገባሁ። ወለሉ ስብርባሪ ነው፣ ግድግዳው አረፋ ነው። ጋቢዬን ካሳው ላይ ወረወርኩና እንቁላል እንደምትታቀፍ ዶሮ ተኛሁበት። ከታች ሲንሿሿ ይሰማኛል። ጸጥ እስኪል ቆየሁና ወጣሁ። ሱሪዬ ከጉልበቴ በላይ በስብሷል። ስመኝ አየችው። ነርስ ናትና ምንም አላለችም።

ጋሼ ፈንቴ ከተሸጎጡበት ሆነው "የጓሮውን በር ዘጋኸው?" አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ማን እንዲጠይቁ እንደላካቸው አላውቅም። እኔም "ዘጋሁት" አልኩ።

ሰው ሁሉ ቀና ቀና አለ። ስመኝና አንደኛው ሽማግሌ ደግፈው የኔታን አስቀመጧቸው። አቧራቸውን እያራገፉ ረዘም አድርገው አዩኝ። "ሁላችን ስንወድቅ ይህ ልጅ ብቻውን ቆመ። ለኛ ብሎ በር ሊዘጋ ሄደ። ተባረክ ልጄ።"

"አሜን" አልኩ።

አዎ፣ አሜን ነው ያልኩት። ጮክ ብዬ ነው ደግሞ። ለነፍሴ መጥፎ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን እንደዚያ ቀን ያለ ክብር አግኝቼ አላውቅም። አክስቴ እንባዋን ጠረገች። ጋሼ ፈንቴ ቀና ብለው ተቀመጡ። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና "እንግዲህ ቁርጡን ልንገራችሁ። እኔ ልጄን" ሲሉ፣ ያ ለሳቸው ብዬ ስኳር የደገምኩለት ጠርሙስ ሳይሆን አይቀርም፣ ከሁሉም የባሰ ፈነዳ።

የኔታ እንደገና ወደቁ። አሁን የደገፋቸው አልነበረም። ጥምጥማቸው ተፈትቶ በወለሉ ላይ ተንከባለለ። ራሳቸውን ሳይሆን ስመኝን ነው የፈለጉት፤ እየዳኹ ሄደው መደቡ ሥር ገፏትና ጋቢያቸውን አለበሷት። ከዚያ ጀርባቸውን ወደ በሩ አድርገው ፊቷ ተጋደሙ። ከውጭ የሚመጣ ነገር ካለ መጀመሪያ እሳቸውን እንዲያገኝ ነው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ያ ራሰ በራ አናታቸው፣ ሰው ፊት ተገልጦ የማያውቀው፣ አፈር ነክቶታል።

አንድ ቃል ቀርቷቸው ነበር። "ሰጥቼዋለሁ" ሊሉ። ዝም ብል፣ ትንሽ ቆይተው ይነሡና ይሉታል። ግን ጓዳ ውስጥ ገና ብዙ ጠርሙስ አለ። እኚህ ሰው ለሦስተኛ ጊዜ ሲወድቁ ማየት አልቻልኩም። እያለቀስኩ ነው የተናገርኩት።

"የኔታ፣ ይነሡ።"

"ተኛ አንተ ልጅ፣ ይመቱሃል።"

"ማንም አይመታኝም። ተኩስ አይደለም። ቢራዬ ነው።"

ጋሼ ፈንቴ ከመሬት ሆነው "ደንግጦ ነው፣ ይቃዣል" አሉ።

"አልቃዠሁም። ስኳር አብዝቼበት ጓዳ ውስጥ እየፈነዳ ያለው ቢራዬ ነው። በሩንም አልዘጋሁም። የጓሮ በር መኖሩንም አላውቅም።"

በዚህ መሀል በጓዳው መጋረጃ ሥር አረፋ እየተሳበ መጣ። ከደብሩ ሽማግሌዎች አንዱ አፍንጫቸው ሥር ሲደርስ አሸተቱትና "እውነቱን ነው" አሉ።

ተነሡ። የኔታ ጥምጥማቸውን አራግፈው መልሰው ጠመጠሙ። እኔ መሬቱን እያየሁ ቆሜያለሁ።

"የተረፈ አለ?" አሉ።

"አለ፣ የኔታ።"

"አምጣው።"

አንዱን በጨርቅ ጠቅልዬ አምጥቼ ከፈትኩት። ግማሹ ጣሪያ ወጣ፣ የቀረው የጋሼ ፈንቴን የክት ኮት አጠበው። ብርጭቆው ላይ ጠብ ያለችውን የኔታ ቀመሱ። ትንሽ አላመጡና ደገሙ።

"ወይራ ወይራ ይላል" አሉ። "ጥሩ ጠላ ነው።"

የሁሉም ዓይን አክስቴ ላይ አረፈ። እሷም ነጠላዋን አስተካከለች። "ታዲያ ባልታጠነ ዕቃ መጠጥ ላድርግ? ያውም ለየኔታ? እያንዳንዱን ጠርሙስ በግራዋ አሽቼ በወይራ አጥኜዋለሁ። አፉ ጠባብ ሆኖ ጭሱን ለማስገባት ያየሁት አበሳ።"

መጀመሪያ የኔታ ሳቁ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ ጋሼ ፈንቴ ኮታቸውን እየጨመቁ። እኔም ዳንኩ ብዬ ልስቅ አፌን ስከፍት ስመኝን አየሁ። አልሳቀችም።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለችኝ። "መጀመሪያ ሲፈነዳ ቢራው መሆኑን አውቀህ ነበር?"

"አውቄ ነበር።"

"ጉልበቱን እንደሚያመውስ?"

"እሱንም አውቃለሁ።"

"አባቴ አፈር ላይ ተኝቶ ተነሥቶ ሲመርቅህ አሜን አልክ። ሁለተኛ እስኪወድቅ ጠበቅከው።" ድምጿን ከፍ አላደረገችም። መጥረጊያ አንስታ ስብርባሪውን ልትጠርግ ጓዳ ገባች።

ሳቁ ቆመ። የኔታ ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ቁርጡ ከኔ እጅ ወጥቷል" አሉ ለጋሼ ፈንቴ። "የሷ ነው።"

ወደ ወረታ ስንመለስ ጋሼ ፈንቴ ባጃጁ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞሩ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ይህን ሳወራ ሰው ሁሉ የሚስቀው ፍንዳታው ላይ ነው፤ ሳቁ፣ እኔም እስቃለሁ። ማታ ማታ ሳስበው ግን የሚያመኝ ፍንዳታው አይደለም። ስኳር ማብዛት አላዋቂነት ነው፤ አላዋቂ ይማራል። የሚያመኝ በየኔታ አንደኛና ሁለተኛ መውደቅ መካከል ያለችው ያቺ አጭር ጊዜ ናት። ሰው የማይገባውን ምርቃት ሲቀበል እንዴት እንደሚጥመው ቀምሼዋለሁ፤ ካንድ ቢራ በላይ ያሰክራል። ያን ያህል እየጣመኝ አንድ ሽማግሌ በኔ ምክንያት አፈር ላይ ሊንከባለሉ እንደሚችሉ እያወቅኩ ነበር። አሁን ማሽኑ የሰው ሩዝ ሲሰባብርብኝ ገበሬው ከረጢቱን ሳይከፍት ጠርቼ እነግረዋለሁ። አንዳንዱ ይሰድበኛል፤ አንዳንዱ ወደ ሌላ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። እናንተም የጠመቃችሁት ነገር ሲፈነዳ ሰው ሁሉ መሬት ላይ እያለ "ይነሡ፣ የኔ ነው" ለማለት ሁለተኛውን አትጠብቁ። እኔ የጠበቅኩት ምን እንዳስከፈለኝ ልንገራችሁና ላብቃ።

ከዐቢይ ጾም በፊት ልሞሸር ያሰብኩ ሰውዬ ጾሙን ሙሉ መልስ ስጠብቅ ሰነበትኩ። ጤና ጣቢያ አልሄድኩም፤ የታመመ ጣት አልነበረኝም። ጋሼ ፈንቴ ልሂድ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ከፋሲካ በኋላ አክስቴ ገበያ ላይ ስመኝን አግኝታት ተመለሰች።

"እሑድ ይምጣ ብላሃለች" አለችኝ። "ሽማግሌ አያስከትል፤ ባዶ እጁን ይምጣ ብላሃለች።"

"አማት ቤት ባዶ እጄን?"

"እኔም ነውር ነው አልኳት። አይ፣ እንደሱ ይምጣ አለች።"

እሑድ ያን ሜዳ በእግሬ አቋረጥኩ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ አንዴ ኪሴ ስከተው አንዴ ከኋላዬ ሳጣምረው ደረስኩ። ስመኝ በሩ ላይ ቆማለች። መዳፎቼን አየቻቸው።

"ምን ይዘህ መጣህ?"

"ምንም" አልኳት።

ከበሩ ዘወር አለችልኝና "ግባ፣ አባባ እየጠበቀህ ነው" አለችኝ።